«አንድም» ማለት ይለመዳል፦ ቃልን ሁሉ ለሚያምን ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ዋስ ሆንኩ። ብድሩ ትንሽ ነበር። ሰውየውም ሳቂታ። ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ጋብዞኝ፣ «አንተ እኮ የዋህ ነህ፤ እንዳንተ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?» አለኝ። ማኪያቶው ሳያልቅ ፈረምኩ። በሦስተኛው ወር ሰውየው ከጎንደር ጠፋ፣ ስልኩም አብሮት ጠፋ። ከዚያ ለ14 ወር ከደመወዜ ተቆረጠ።

ሠፈራችን አንድ የመጻሕፍት መምህር አሉ። ሄጄ ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ነበር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ ያነበብከው» አሉኝ።

«ውሉን ነው፣ የኔታ?»

«ሰውየውን።»

የዚያን ዕለት ማታ መጽሐፈ ምሳሌን ገለጥኩ። መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ ገና ሲጀምር ይናገራል፤ ለአላዋቂዎች ብልሃት ለመስጠት ነው ይላል (1፥4)። እስከዚያ ድረስ የጠቢባን መጽሐፍ ይመስለኝ ነበር። ለካ አድራሻው የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሞከርኩትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። አንዳንዱ ደረጃ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ አጭር። እኔ የተቸገርኩበት ላይ ቆም እላለሁ።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

በእኛ ዘንድ «የዋህ» ምስጋና ነው። ጌታም የዋሆችን ብፁዓን ብሏቸዋል። ምሳሌ 14፥15 ላይ ግን ያው ቃል ሌላ ፊት ይዞ ይመጣል፦ «የዋህ ቃልን ሁሉ ያምናል፤ ብልህ ግን አካሄዱን ይመለከታል።» ስለዚህ ሁለት ዓይነት የዋህ አለ። አንዱ ተንኮል የሌለበት ነው። ሌላው ወንፊት የሌለው ነው። የመጀመሪያውን እንዳትነኩት። ሥራችን ከሁለተኛው ጋር ነው።

በዕብራይስጥ ይህን ሁለተኛውን ሰው «ፔቲ» ይሉታል። ቃሉ «መከፈት» ከሚል ሥር ጋር ይዛመዳል። መዝጊያ ያልተገጠመለት ቤት በሉት። ጎረቤትም ይገባል፣ ፍየልም ይገባል፣ ሌባም ይገባል። ቤቱ ግን ቤት ነው፤ የሚያስፈልገው መዝጊያ ብቻ ነው።

ሌሎቹን ቃላትም አታደባልቁ። በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ «ሰነፍ» ማለት ሥራ የማይወድ ማለት አይደለም። እሱ «ታካች» ነው፤ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ የተባለው (6፥6)። «ሰነፍ» ምክር የሚንቅ ነው። «ፌዘኛ» ደግሞ በሁሉም ነገር የሚያላግጥ። የዋህ ከነዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ገና ይማራልና። ፌዘኛው ሲቀጣ አይቶ እንኳ አላዋቂው ብልህ ይሆናል ይላል 19፥25። የእኛ አገር ሰው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይል የለ? እኔን መከራ መክሮኛል፤ ያውም በወርሃዊ ክፍያ።

አንደኛ፦ የዋህነታችሁ ምን እንደሚከፍላችሁ ጻፉ

ይህ ደረጃ ደስ አይልም። ግን ዝለሉት ብል መዋሸት ይሆንብኛል።

ምሳሌ 1፥22 ላይ ጥበብ በአደባባይ ቆማ ትጮኻለች። አላዋቂዎችን እስከ መቼ አላዋቂነትን ትወዳላችሁ ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። መታለልን ማን ይወዳል? በኋላ ያቺ ማኪያቶ ትዝ አለችኝ። «የዋህ ነህ» ሲለኝ ጣፍጦኝ ነበር። ያንን ስም ላለማጣት ነው የፈረምኩት። ለብድሩ ዋስ ሆንኩ፣ ስሙን ግን ራሴ ገዛሁት፤ በ14 ወር።

እኛ አገር ለዚህ ነገር ስም አለው፤ ይሉኝታ። «እምቢ ብለው ምን ይለኛል?» ብዙ ሰው የሚታለለው ነገሩን ማየት አቅቶት አይመስለኝም። አይቶታል። ሆዱ ነግሮታል። ግን ሰው ፊት ማፈር ከመክሰር በልጦበታል።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል፣ ደብተር ግን ይሻላል። የተታለላችሁባቸውን ሦስት ጊዜዎች ጻፉ። ከያንዳንዱ ሥር ሁለት ነገር ጨምሩ። በዚያች ደቂቃ ሆዳችሁ ምን አለ? ዝም ያሰኛችሁስ ምንድን ነው? ለሌላ ሰው አታሳዩት። የእኔ ሦስቱም መልስ አንድ ነበር፦ «ደግ አይደለም እንዳይሉኝ»።

ሁለተኛ፦ በቀን አንድ ቁጥር አንብቡ

መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ አለው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው በቀን አንድ ምዕራፍ እያለ በወር ይጨርሰዋል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 31ኛው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ባለሙያዋን ሴት ያለ ቀን ማስቀረት ደግሞ ነውር ነው! ለማንኛውም እኔ በቀን አንድ ምዕራፍ ለጀማሪ አልመክርም። እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ አይያዝም።

እንዲህ አድርጉ። ከምዕራፍ 1 እስከ 9 ያለው አባት ልጁን የሚመክርበት ረጅም ንግግር ነው። እሱን በአንድ ሳምንት እንደ ታሪክ አንብቡት። ከምዕራፍ 10 ጀምሮ ግን አነጋገሩ ይለወጣል። በአብዛኛው አጫጭር፣ ሁለት ሁለት ሐረግ ያላቸው ቃላት ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ይገለብጠዋል። እዚህ ጋ በቀን አንድ ብቻ ውሰዱ። ጠዋት አንብቡ። ቀን ባጃጅ ስትጠብቁ ከንፈራችሁ ላይ ይኑር። ማታ «ዛሬ የት አየሁት?» በሉ።

ቤታችሁ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ክፍፍሉ ሌላ ቢሆን አትደናገጡ። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር እስከ 24 ያለው መጽሐፈ ምሳሌ፣ ከ25 እስከ 31 ያለው መጽሐፈ ተግሣጽ ይባላል። 25፥1 ላይም የሕዝቅያስ ሰዎች የገለበጡት የሰሎሞን ምሳሌ እንደሆነ ተጽፏል። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ መጽሐፈ ሲራክን ክፈቱ። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሦስተኛ፦ «አንድም» በሉ

ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። መምህሩ ንባቡን ያነባሉ፣ ይፈቱታል። ተማሪው ገባኝ ብሎ ሊነሣ ሲል «አንድም» ይላሉ። ሌላ ፍቺ ይመጣል። ደግሞ «አንድም»። ስሙም ከዚያው የወጣ ነው፤ አንድምታ። ላይ ቤት እና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች የበቀሉት እዚሁ ጎንደር ነው። ቅኔውን ለጎጃም እንተወውና በትርጓሜው ግን ጎንደር አይታማም።

የአንድምታ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሁለተኛው ፍቺ ሲመጣ የመጀመሪያው አይባረርም። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለየዋህ ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ምክንያቱም እኛ የዋሆች የምናውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ ሙሉ ማመን፣ ወይ ተጎድቶ ሁሉንም ሌባ ማለት። «አንድም» ሦስተኛ መንገድ ይሰጣል። ሰውየውን ሳትሰድቡት ቃሉን ትመረምራላችሁ።

መጽሐፈ ምሳሌም ራሱ እንዲህ ያነብባል። 20፥14ን ተመልከቱ። የሚገዛ ሰው ክፉ ነው፣ ክፉ ነው ይላል፤ ከሄደ በኋላ ግን ይመካል። ቅዳሜ ገበያ አንድ ሰዓት ቁሙና ይህን ቁጥር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሰውየው ዶሮዋን አንሥቶ ይመዝናል። «ይቺማ ላባ ብቻ ናት» ይላል። የዋህ ሻጭ ይህን ሰምታ ዋጋ ትቀንሳለች። አንድም የምታውቅ ሻጭ ግን እንዲህ ታስባለች፦ አንድ፣ ዶሮዋ እውነት ከስታለች። አንድም፣ ወዷታል፣ ዋጋ ሊያስቀንስ ነው። ከዚያ ቃሉን ትታ እጁን ታያለች። ዶሮዋን አስቀምጧታል ወይስ እንደያዛት ነው? «አካሄዱን ይመለከታል» ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። አንዲት ጎረቤታችን ላይ የደረሰ ነው። መጀመሪያ 4,000 ብር ገባ የሚል መልእክት መጣ። ወዲያው ስልክ ተደወለ። «እማማ፣ በስህተት ብር ልኬብዎት ነው። የልጄ መድኃኒት መግዣ ነበር። እባክዎ ይመልሱልኝ።» ድምፁ ያሳዝናል።

ሦስት አንድም እንውሰድ።

አንድ፣ ሰውየው እውነት ተሳስቷል።

አንድም፣ ብር የሚባል አልገባም፤ መልእክቱን ራሱ ጽፎ ልኮታል።

አንድም፣ ብሩ ገብቷል፣ ግን ከሌላ የተታለለ ሰው የመጣ ነው፤ በእማማ እጅ ሊያሳልፈው ነው።

አሁን ፍርድ አትስጡ። «ከሦስቱ የትኛውም እውነት ቢሆን የማያስከፋ መንገድ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይገኛል። መልእክቱን ትቶ ሒሳብን ራስ ከፍቶ ማየት ነው። ብሩ ከሌለ ነገሩ አለቀ። ካለ ደግሞ «ልጄ፣ ወደ ባንክህ ሂድና አመልክት፣ እነሱ ያስመልሱልሃል» ማለት ነው። እውነተኛው ሰው ብሩን ያገኛል። አታላዩ ስልኩን ይዘጋል። እማማም ማንንም አልሰደቡም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ለአንድ ወር በየቀኑ አንድ ነገር ምረጡ። የሰማችሁት ወሬ፣ የደረሳችሁ መልእክት፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት ያመሰገናችሁ ነገር ይሁን። ሦስት አንድም ጻፉለት። ሁለት ሕግ ብቻ አለ። የመጀመሪያው ፍቺ ሁልጊዜ መልካሙ ይሁን፤ ካልሆነ ልብ ይጠቁራል፣ ከየዋህነት ወጥታችሁ ፌዘኝነት ውስጥ ትገባላችሁ። ሁለተኛው፣ ለሚስት፣ ለባልና ለልጅ አትጠቀሙበት። እኔ ሞክሬው ቤት ውስጥ ሰላም ጠፍቶ ነበር። ምሳ ለምን ዘገየ ለሚል ጥያቄ ሦስት ፍቺ አያስፈልግም።

አራተኛ፦ «ማን ደከመበት?» ብላችሁ ጠይቁ

ምሳሌ 9 ላይ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ጥበብና ስንፍና። ሁለቱም ከከተማው ከፍታ ላይ ይጣራሉ። የሚጠሩትም አንድ ሰው ነው፤ አላዋቂውን። የሚገርመው ግብዣቸው ቃል በቃል አንድ ነው ማለት ይቻላል። 9፥4ንና 9፥16ን ጎን ለጎን አንብቡ። አላዋቂ የሆነ ወደዚህ ይምጣ ነው የሚሉት፣ ሁለቱም። ስለዚህ ድምፅ ሰምቶ መለየት አይቻልም። ቃሉ ያማረ ስለሆነ ብቻ መሄድ አይቻልም።

ልዩነቱ ያለው ከግብዣው በፊት ነው። ጥበብ ቤት ሠርታለች፣ ሰባት ምሰሶ አቁማለች። አርዳለች። ወይን ጠጇን አዘጋጅታለች። ማዕድ አሰናድታለች። ገረዶቿን ልካለች። ስንፍና ግን በቤቷ ደጃፍ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። የምታቀርበውም የተሰረቀ ውኃና የተደበቀ እንጀራ ነው።

ድግስ የደገሰ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ጠላ ለመጥመቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይዘጋጃል፣ ጥንስሱ ይጠበቃል። ማዕድ የሚመጣው ከድካም በኋላ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ትርፍ ሲጋብዛችሁ ማዕዱን ትታችሁ ጓዳውን እዩ። «ይህን ብር ማን ሠርቶ አመጣው? ምን ተሸጠ? ማን ደከመበት?» ስልክ ላይ ቁጭ ብለህ በየቀኑ ብር ይገባልሃል የሚል ነገር ሲመጣ ይህን ጠይቁ። መልሱ «ሌላ ሰው ስታስገባ ታገኛለህ» ከሆነ፣ የደከመ የለም። እናንተ የምትበሉት የኋለኛው ሰው እንጀራ ነው። በመተማ በኩል አሻግሬህ ሥራ አስይዝሃለሁ የሚል ደላላ ሲመጣም ያው ነው። አሠሪው ማነው? ውሉ የት አለ? እዚያ ደርሶ ደህና ነኝ ብሎ በራሱ ድምፅ የሚነግራችሁ የምታውቁት ሰው ማነው? ጥያቄው ሲበዛበት ከተቆጣ፣ ጓዳው ባዶ ነው።

አምስተኛ፦ ሦስት ቀን ቆዩ

መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 ሁልጊዜ ያስቀኛል፣ ያሳፍረኛልም። የገባዖን ሰዎች እስራኤልን ሊያታልሉ መጡ። ያረጀ ጫማና ያረጀ ልብስ ለብሰዋል። የወይን አቁማዳቸው የተቀደደና የተጠጋገነ ነው። እንጀራቸው ደርቆ ሻግቷል። «ከሩቅ አገር መጣን፤ ይህ እንጀራ ከቤት ስንወጣ ትኩስ ነበር» አሉ።

እስራኤል ዝም ብለው አላመኑም። መጀመሪያ ጠርጥረዋል፤ ምናልባት ጎረቤቶቻችን ብትሆኑስ ብለዋል። ከስንቃቸውም ወስደው አይተዋል። ማለትም ማስረጃ መርምረዋል! ግን የመረመሩት አታላዩ በገዛ ከረጢቱ ያመጣውን ማስረጃ ነው። እግዚአብሔርንም አልጠየቁም ይላል ቃሉ። ቃል ኪዳን አደረጉ፣ ማሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቹ እዚያው አጠገባቸው የሚኖሩ መሆናቸውን ሰሙ። መሐላው ግን አይፈርስም።

ሦስት ቀን ብቻ! ሦስት ቀን ቢቆዩ ኖሮ እውነቱ በእግሩ ይመጣ ነበር።

ዛሬ የሻገተው እንጀራ ስክሪንሾት ነው። «ይኸው ብር የገባልኝን እይ» ብሎ የሚያሳየው ነገር ከራሱ ከረጢት የወጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ማስረጃውን እሱ ካላቀረበው ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ሦስት ቀን ቆዩ። ፊርማ፣ ብድር፣ ዋስትና፣ ቀብድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሁሉም ሦስት ቀን ይቆይ። ምሳሌ 19፥2ም በእግሩ የሚፈጥን ከመንገድ ይስታል ይላል። አያቶቻችን ደግሞ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው ጨርሰውታል።

የሚከብደው አፍን ማላቀቅ ነው። ስለዚህ ቃሉን አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ለእኩያ፣ «ወንድሜ፣ ሦስት ቀን ስጠኝ።» ለታላቅ፣ «ጋሼ፣ ሦስት ቀን ይታገሡኝ።» ባለትዳር ከሆናችሁ፣ «ከቤት ሳልማከር ፊርማ አላስቀምጥም።» መስታወት ፊት ተለማመዱት፤ አልቀልድም። እኔ ተለማምጄዋለሁ። «ዛሬ ካልሆነ ያልቃል» ቢላችሁ፣ ይለቅ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሰው ታሞ ሆስፒታል ደጅ ተኝቶ ሦስት ቀን ቆይ አይባልም። እንዲህ ሲሆን ባይመለስ የማይጎዳችሁን ያህል ስጡ፤ በስጦታ። አበድሬ አትበሉ፣ ዋስም አትሁኑ። በስጦታ ብትታለሉ የምታጡት ያቺኑ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ የሁለቱንም ቃል በራሳችሁ አፍ ድገሙ

ምሳሌ 18፥17 አስቀድሞ የተናገረ ሰው ጻድቅ ይመስላል፤ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ይላል። ባልና ሚስት ያስታረቀ ሽማግሌ ሁሉ ይህን ያውቃል። የመጀመሪያውን ስትሰሙ እንባ ይመጣችኋል። ሁለተኛው ሲመጣ እንባው ይደርቃል።

የሰሎሞንን ፍርድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለቱ ሴቶችና ሕፃኑ (1ኛ ነገሥት 3)። ሰይፉን ሁሉም ያስታውሳል። ከሰይፉ በፊት ያለውን ግን ማንም አያነሣውም። ንጉሡ መጀመሪያ የሁለቱንም ቃል ደገመ። ይህቺ እንዲህ ትላለች፣ ያቺ ደግሞ እንዲህ ትላለች አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሰይፍ አምጡ ያለው።

እናንተም አንድ ቪዲዮ አይታችሁ ልትናደዱ ስትሉ፣ ወይም ቴሌግራም ላይ የመጣ ነገር ለሌላ ልታስተላልፉ ስትሉ፣ የሌላውን ወገን ቃል እሱ በሚስማማበት መንገድ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። መናገር ካቃታችሁ ገና አልሰማችሁም። አታስተላልፉ። በዚህ ዘመን ወሬ ሰው ሲያጣላ አይተናልና ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሰባተኛ፦ የአዋቂ ደጃፍ ተመላለሱ

ሲራክ ምዕራፍ 6 ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። በሽማግሌዎች ጉባኤ ቁም፤ አስተዋይ ሰው ካየህ ማልደህ ሂድ፤ እግርህ የደጁን መድረክ እስኪጨርሰው ድረስ ተመላለስ የሚል ሐሳብ ነው። ምክር ተኝቶ አይመጣም፤ መድረክ ይረገጣል።

ጎንደር ላይ ደጃፍ አይጠፋም። የንስሐ አባት አላችሁ። እድር ውስጥ ብዙ ያዩ ሰዎች አሉ። ቡና ላይ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን ሁሉም ዝም የሚሉላቸው እናት አሉ። ምርጫው ላይ ግን ተጠንቀቁ። የሚያመሰግናችሁን አትምረጡ፤ የወዳጅ ማቍሰል የታመነ ነው ይላል 27፥6። እኔ የኔታን የመረጥኩት ስላላዘኑልኝ ነው።

ስትሄዱ «ምከሩኝ» ብላችሁ አትሂዱ። ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ያመጣል፤ «እግዚአብሔርን ፍራ፣ ሥራህን ሥራ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ለማክሰኞው ውል አይጠቅምም። አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ሂዱ። እኔ በጣም የጠቀመኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የኔታ፣ አንቱ በምን ተታልለው ያውቃሉ?» መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። በተማሪነታቸው ዘመን ስንቅ ይዞ ስለጠፋ ጓደኛ፣ ስለ ሐሰተኛ ባሕታዊ፣ ስለ አንድ በሬ። ከዚያ አንድ ሰዓት የተማርኩትን ከ14 ወር አልተማርኩትም።

ለመጠየቅ የሚያፍር ካለ የህንደኬን ጃንደረባ ያስታውስ። የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ነበር። ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው፣ አዎ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ (ሐዋርያት ሥራ 8)። ገንዘብ ያዡ ሰው ነው እንዲህ ያለው!

አስቀድማችሁ ከተያዛችሁስ?

ይህን የምታነቡት ከፈረማችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ምሳሌ 6፥1-5 ለእናንተ ነው። ዋስ ሆነህ በቃልህ ከተጠመድህ ሂድ፣ ራስህን ዝቅ አድርግ፣ ባልንጀራህን ነዝንዝ፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፣ እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ አምልጥ ይላል። 22፥27 ደግሞ የምትከፍለው ካጣህ አልጋህ ከሥርህ ይወሰዳል ይላል። ጨዋታ አይደለም።

በተግባር ሲታይ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። በደብዳቤ ሳይሆን በአካል። ለአበዳሪው ሁኔታውን ንገሩ፤ የውሉን ኮፒ ጠይቁ፤ የዋስትናው መጠንና ማብቂያ ስንት እንደሆነ ተረዱ። ተበዳሪውን አግኙ፣ ቤተሰቡንም አግኙ፣ ሽማግሌ ላኩ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ውሉን ያንብብላችሁ። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። ሰውየው መክፈል ማቆሙን በመጀመሪያው ወር ሰምቻለሁ። ግን «ሰው ፊት ላሳፍረው?» ብዬ ሁለት ወር ዝም አልኩ። በነዚያ ሁለት ወሮች ጎንደር ውስጥ ነበር። ቡና ሲጠጣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሰላም ብዬው አልፌያለሁ።

ደብተሩን አሁንም እጽፋለሁ። የትናንቱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሐሙስ። ከአዘዞ የመጣ ሰው ማር ይዞ መጣ። ንጹሕ ነው አለ። አንድ፣ ንጹሕ ነው። አንድም፣ ስኳር አለበት። አንድም፣ ንጹሕ ነው ግን የእሱ አይደለም። ቀፎው የት እንዳለ ጠየቅሁት። ሳይቆጣ ነገረኝ፣ ቅዳሜ መጥተህ እይ አለኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ማኪያቶ ሊጋብዘኝ ነበር፣ እኔ ከፈልኩ።»